የመጀመሪያ ቤት መግዣ ገንዘብና የነጋዴው መዝገብ

ሰው በሕይወቱ ከሚፈጽማቸው ግዢዎች ሁሉ ትልቁ የቤት ግዢ ነው። ጨርቅ ነጋዴው በየዓመቱ ብዙ ጣቃ ይገዛል፤ ጥራጥሬ ላኪው ብዙ ኩንታል ያስጭናል፤ ቤት ግን አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ይገዛል። ስለዚህም በገበያ ሥራ እጅግ የሠለጠነ ነጋዴ እንኳ ቤት ሲገዛ እንደ ጀማሪ ሆኖ ይገኛል። የጨርቁን ዋጋ በእጁ ዳስሶ የሚገምተው ሰው፥ የብድር ውል ሲቀርብለት ሳያነብ ይፈርማል፤ ወይም ብድር የሚባለው ነገር ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ቆጥሮ ዕድሜውን በኪራይ ቤት ይጨርሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው የገንዘብ ርዳታ በምን በምን መንገድ እንደሚመጣ፥ እያንዳንዱም መንገድ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ ምን እንደሚጠቅመውና ምን እንደሚያስከፍለው መግለጽ ነው። ወደ መጨረሻው እንደሚታየው፥ ከእነዚህ መንገዶች የሚበዙትን የሚከፍተው ቁልፍ በነጋዴው በራሱ እጅ ይገኛል፤ ይኸውም በሚገባ የተያዘ የሒሳብ መዝገብ ነው።

የችግሩ ሥር

ብዙ ሰው ቤት መግዛት ያቃተው የቤቱ ዋጋ ስለ በዛ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን ዋናው መሰናክል ቅድሚያ ክፍያው ሆኖ ይገኛል። በየወሩ ኪራይ ሳያጓድል የሚከፍል ሰው፥ በየወሩ የብድር ክፍያ ለመክፈል ችሎታው ሊኖረው ይችላል፤ በአንድ ቀን ብዙ ገንዘብ አምጣ ሲባል ግን ይቆማል።

ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት ያህል፥ ዋጋው 1,250,000 ብር የሆነ ቤት እናስብ። ይህ ቁጥር ለሒሳብ እንዲመች የተወሰደ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አበዳሪው ከዋጋው 20 ከመቶ አስቀድመህ ክፈል ቢል፥ ገዢው 250,000 ብር ማቅረብ አለበት። በደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠራ አንድ የሱቅ ሠራተኛ በየወሩ 4,167 ብር ቢያስቀምጥ፥ ወለዱ ሳይታሰብ፥ ይህን ገንዘብ በ5 ዓመት ይሞላል። ነገር ግን የቤቱ ዋጋ በየዓመቱ 10 ከመቶ ቢጨምር፥ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ዋጋው ከ2,013,000 ብር በላይ ይሆናል፤ ቅድሚያ ክፍያውም 402,000 ብር አልፎ ይገኛል። እንግዲህ ሠራተኛው 5 ዓመት ሙሉ ሆዱን አስሮ ያጠራቀመውን ይዞ ሲቀርብ፥ ከ152,000 ብር በላይ ጐድሎት ይመለሳል። ቆጣቢው ሲራመድ ዋጋው ይሮጣል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የቤት መሥሪያ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደ ናረ አስመጪው ሁሉ ከሚከፍለው ሒሳብ ያውቀዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ቤት ገዢ የሚደረግ ማንኛውም ርዳታ ከአራቱ አንዱን የሚያደርግ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያውን ይቀንሳል፥ ወይም ቶሎ እንዲሰበሰብ ያደርጋል፥ ወይም የቦታውንና የቤቱን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል፥ ወይም የመክፈያውን ዘመን ያረዝማል። አንድ ሰው አዲስ መርሐ ግብር ሲነገረው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ከእነዚህ ከአራቱ የትኛው እንደ ሆነ ነው።

ያለፈው ዘመን

በአገራችን ለቤት ሥራ ገንዘብ የሚያስቀምጡና የሚያበድሩ ድርጅቶች የተቋቋሙት በ1950ዎቹ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፥ ቁጥር 47/1967፥ የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። የሚያከራዩት ቤት የነበራቸው ነጋዴዎች ትርፍ ቤታቸውን አጡ፤ ተከራዩም የቀበሌ ተከራይ ሆነ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር እስከ ዛሬ በደሴ መንደሮች የሚታየው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ቀድሞ የነበሩት ድርጅቶች ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ባንኩ ለግለሰቦችና ለቤት ሥራ ማኅበራት ሲያበድር ቆይቶ፥ ስሙ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ ተለወጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። በዚህ ዓይነት ለቤት ብድር ብቻ የቆመ ባንክ ሳይኖር ጥቂት ዓመታት አለፉ። በ2014 ዓ.ም. ጎህ ቤቶች ባንክ ሥራ ሲጀምር፥ ለቤት ብድር ተለይቶ የተቋቋመ የመጀመሪያው የግል ባንክ ሆነ።

አንደኛው መንገድ፤ ዕቁብ

ከባንክ በፊት የነበረው፥ ዛሬም ለነጋዴው ቅርብ የሆነው መንገድ ዕቁብ ነው። 20 ሰዎች በየወሩ 12,500 ብር ቢጥሉ፥ ዕጣ የወጣለት ሰው 250,000 ብር ያነሣል፤ ይህም ከላይ በምሳሌው የተመለከተው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ብቻውን ቢያጠራቅም 20 ወር የሚፈጅበትን ገንዘብ፥ ዕድል የቀናው በመጀመሪያው ወር ይዞት ይወጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው ነው።

ይህ አሠራር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 የመጀመሪያው የቤት ሥራ ማኅበር በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተመሠረተ። በዚያ ዘመን የነበሩት እንዲህ ያሉ ማኅበራት አባሎች በየወሩ እየከፈሉ ከተጠራቀመው ገንዘብ በየተራ ቤት ይሠሩ ወይም ይገዙ ነበር፤ የመጨረሻው አባል ቤት ሲያገኝ ማኅበሩ ይበተን ነበር። በኋላ ግን መዝገብ ይዘው፥ ከውጭ ሰው ተቀማጭ እየተቀበሉ፥ ሳይበተኑ የሚኖሩ ትላልቅ ድርጅቶች ሆኑ። በእነርሱና በእኛ ዕቁብ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ላይ ነው። የእኛ ዕቁብ ዳኛ፥ ጸሐፊና ዋስ አለው፤ ዙሩ ሲያልቅ ግን ደብተሩ ይጣላል። ነጋዴው 15 ዓመት ሳያጓድል የጣለው ገንዘብ በየትም ቦታ እንደ ማስረጃ አይቀርብለትም። ስለዚህ ዕቁብተኛው ዕጣ ሲወጣለት ገንዘቡን በጆንያ ከመያዝ ይልቅ ወደ ባንክ ሒሳቡ ማስገባትና የዕቁቡን ደብተር ግልባጭ ማስቀመጥ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው መንገድ፤ የቤት ሥራ ማኅበር

በደሴ ጠፍጣፋ ቦታ ብርቅ ነው። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ በብዙ ሥፍራ ግድግዳው ሳይቆም ገንዘቡ በመሠረትና በድጋፍ ግንብ ያልቃል። ሐረጎን ወርዶ የሚገኘው ኮምቦልቻ ሜዳማ ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካዎቹና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሠራተኛ ስለ ሳቡ በቦታው ላይ ፉክክር አለ። በሁለቱም ከተሞች ቦታውን ማግኘት ራሱ ትልቅ ርዳታ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ የተደነገገው አዋጅ፥ ቁጥር 721/2004፥ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ፥ የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት እንዲሆን፥ ተጫራቹም ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ቢያንስ 10 ከመቶ አስቀድሞ እንዲከፍል ደነገገ። በጨረታ የሚወዳደር ሰው የገንዘብ ጉልበት ይጠየቃል። በክልል ከተሞች ግን መምህራን፥ የመንግሥት ሠራተኞችና ሌሎች ቤት የሌላቸው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፥ ለግንባታ የሚሆን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ አስቀምጠው ቦታ የሚያገኙበት አሠራር ኖሯል። ርዳታው ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ከጨረታ ዋጋ ያነሰ ቦታ ነው።

የማኅበር ችግሩ አንዱ አባል ሲደክም ሁሉም መቆሙ ነው። አባል የሚሆን ሰው ከመግባቱ በፊት የመተዳደሪያውን ደንብ ማንበብ፥ ገንዘቡ በማን ፊርማ እንደሚወጣ መጠየቅ፥ ክፍያ ያቋረጠ አባል ምን እንደሚደረግ ማወቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው መንገድ፤ የጋራ መኖሪያ ቤት

በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ክልል ከተሞች ተዘርግቶ ደሴንና ኮምቦልቻንም አዳርሷል። ቤቱ በዕጣ ይታደል ነበር፤ ከዕጣው 30 ከመቶ ለሴቶች ይለያል። ባለዕጣው ቅድሚያውን ከፍሎ የቀረውን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር ይሸፍናል፤ ቤቱንም 5 ዓመት ሳይሞላ እንዳይሸጥ ሕጉ ይከለክል ነበር። በክልል ከተሞች ሕዝቡ ግቢ ያለውን ቤት ስለሚመርጥና ቅድሚያ ክፍያውም ስለ ከበደው፥ ሥራው እንደ አዲስ አበባው ሳይገፋ ቀረ።

በአዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. ከ450,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፥ 20/80 እና 40/60 የተባሉት የቁጠባ መርሐ ግብሮች ተከፈቱ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ገዢው አስቀድሞ የሚያጠራቅመውን፥ ሁለተኛው በብድር የሚሸፈነውን መቶኛ ያመለክታል። ከተመዝጋቢዎቹ ብዙዎቹ ቤት ለማግኘት ከ10 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው፤ ዋጋው አነስተኛ የሆነ ርዳታ ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው በዓመታት ነው። በሲንጋፖር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 የተቋቋመው የቤቶች ቦርድ የተሳካለት፥ ከ1968 ጀምሮ ሠራተኛው ለጡረታው የሚያጠራቅመውን ገንዘብ ለቤት መግዣ እንዲያውለው ስለ ተፈቀደለትና ቤቱም በብዛት ይሠራ ስለ ነበረ ነው። ቁጠባውና ግንባታው እኩል ካልሄዱ ቆጣቢው ሰልፈኛ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛው መንገድ፤ የባንክ ብድር

የባንክ ብድር ከሁሉ ፈጣን፥ ከሁሉም ውድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 የአሜሪካ መንግሥት ባንኮች ለቤት ገዢ ለሚሰጡት ብድር ዋስትና መግባት ሲጀምር፥ ቅድሚያ ክፍያው ወደ 20 ከመቶ ዝቅ አለ፤ የመክፈያው ዘመንም እስከ 20 ዓመት ረዘመ። መንግሥት ለገዢው ገንዘብ አልሰጠም፤ አበዳሪው እንዳይፈራ ብቻ አደረገ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰፊ ዋስትና ስለሌለ፥ ባንኩ የሚተማመነው በመያዣውና በተበዳሪው ገቢ ነው። ከዚህም በላይ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ወስኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጣሪያው ከፍ ቢደረግም፥ ባንክ ለብዙ ዓመት የሚታሰር የቤት ብድር ሲሰጥ መምረጡ አይቀርም።

የብድሩን ዋጋ በሒሳብ ማየት ይገባል። 1,000,000 ብር በዓመት 12 ከመቶ ወለድ ተበድሮ በ20 ዓመት የሚከፍል ሰው፥ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 11,011 ብር ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 10,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ገንዘብ የሚቀነሰው 1,011 ብር ብቻ ነው። በ20 ዓመት የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ 2,642,000 ብር አልፎ ይገኛል። ይኸው ሰው በ10 ዓመት ለመጨረስ ቢዋዋል በየወሩ ወደ 14,347 ብር ይከፍላል፤ ጠቅላላውም ወደ 1,721,650 ብር ይወርዳል። በወር 3,336 ብር ያህል በመጨመሩ ከ920,000 ብር በላይ ይተርፈዋል። ስለዚህ ተበዳሪው ከመፈረሙ በፊት ከጊዜው አስቀድሞ መክፈል እንደሚፈቀድና ቅጣት እንዳለው፥ ወለዱም በመካከል ሊለወጥ እንደሚችል መጠየቅ አለበት።

በወለድ መበደር ሃይማኖታቸው የማይፈቅድላቸው ነጋዴዎች በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ሌላ በር አለ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ፥ እንዲሁም በሌሎች ባንኮች የተከፈቱት ከወለድ ነፃ የአገልግሎት ክፍሎች፥ ሙራበሃ በተባለው ውል ይሠራሉ። በዚህ ውል ባንኩ ዕቃውን ወይም ቤቱን ገዝቶ፥ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ለይቶ ነግሮ፥ ለደንበኛው በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ይሸጥለታል። ትርፉ በውሉ ቀን ስለሚወሰን፥ ደንበኛው ጠቅላላ ዕዳውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል።

ከዐረብ አገሮች ልጆቻቸውና እኅቶቻቸው ገንዘብ የሚልኩላቸው ቤተ ሰቦችም በወሎ ብዙ ናቸው። ይህ ገንዘብ ለብዙ ቤት መሠረት ሆኗል። ሆኖም ቤቱ በወንድም ወይም በአጐት ስም ተሠርቶ፥ ላኪዋ ስትመለስ ክርክር የሚነሣበት ጊዜ አለ። ገንዘቡ በባንክ እንዲመጣ፥ ውክልናው በጽሑፍ እንዲሆን፥ ካርታውም በባለገንዘቧ ስም እንዲወጣ ማድረግ ዝምድናንም ቤትንም ያድናል።

የነጋዴው መዝገብ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘሩት መንገዶች በአብዛኞቹ ላይ ጠያቂው ገቢህን አስረዳ ይባላል። ከዚህ ላይ ነው የደሴ ነጋዴ የሚሰናከለው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ ትንሽም ቢሆን በአንዲት ደብዳቤ ያስረዳል። በቀን ብዙ ሺሕ ብር የሚያገላብጥ ባለሱቅ ግን ገንዘቡ ከመሳቢያ ወደ ጅምላ ሻጭ፥ ከጅምላ ሻጭ ወደ መሳቢያ እየተመላለሰ፥ ወረቀት ሳይነካው ያልፋል። ግብሩ እንዳይበዛበት ሽያጩን ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ ነጋዴ፥ ብድር በፈለገ ቀን ያው ዝቅ ያለው ቁጥር ይመለስበታል። ለግብር ሰብሳቢው ድኃ የሆነ ሰው ለአበዳሪውም ድኃ ነው።

ስለዚህ ቤት ሊገዛ የሚያስብ ነጋዴ ቢያንስ ከ2 ዓመት በፊት ሦስት ነገር ይጀምር። የቀን ሽያጩን በየዕለቱ በደብተር ይመዝግብ፤ ገንዘቡን በባንክ ሒሳብ ያመላልስ፤ የቤተ ሰቡን ወጪ ከሱቁ ወጪ ይለይ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በጦርነት በተያዙ ጊዜ፥ ከዕቃው ጋር ደብተሩም የጠፋበት ነጋዴ ምን ያህል እንደ ተቸገረ የሚታወስ ነው። የመዝገቡ ግልባጭ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ።

ነገሩ የነጋዴው ብቻ አይደለም፤ በእርሱ እጅ የሚሠራውም ሰው አለ። ለ8 ዓመት በሱቁ ያገለገለ ሠራተኛ አንድ ቀን መጥቶ፥ «ጋሼ፥ ለባንክ የደመወዝ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ይለዋል። አሠሪው ደመወዙን ከመሳቢያ እያወጣ በእጅ ሲሰጥ የኖረ እንደ ሆነ፥ የሚጽፈው ደብዳቤ የሚደገፍበት የደመወዝ መዝገብ የለም። ሠራተኛው ሳያጠፋ፥ የ8 ዓመት ድካሙ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ደመወዝን በመዝገብ አስፈርሞ በባንክ የሚከፍል አሠሪ፥ አንድ ብር ሳይጨምር ለሠራተኛው ትልቅ የቤት ርዳታ ያደርግለታል።

ጥንቃቄ

በቤት ብድር ቀልድ የለም። በመያዣ ስለ ተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ፥ ቁጥር 97/1990፥ ተበዳሪው በጊዜው ካልከፈለ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታል። ስለዚህ የመኖሪያ ቤቱን ለንግድ ብድር መያዣ የሚያደርግ ነጋዴ፥ ዕቃው ባይሸጥ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ አስቀድሞ ያስብ። እንዲሁም የሱቁን መንቀሳቀሻ ገንዘብ በሙሉ አውጥቶ ለቅድሚያ ክፍያ የሚያውል ሰው፥ ወርኃዊውን ክፍያ የሚያመጣለትን ሱቅ በገዛ እጁ ያደርቃል። ወርኃዊ ክፍያው ከተጣራ ገቢው ሢሶ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከላይ ለተመለከተው የ11,011 ብር ክፍያ ቢያንስ 33,000 ብር ያህል የተጣራ ወርኃዊ ገቢ ያስፈልጋል ማለት ነው።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና በሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲመዘገብ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይደነግጋል። በውክልና ብቻ የሚገዛ ቤት፥ ወካዩ ሲሞት ወይም ውክልናውን ሲያነሣ ገዢውን ሜዳ ላይ ያስቀራል። ካርታው የማን እንደ ሆነ፥ ዕዳና ዕገዳ እንዳለበት ሳይመረመር አንድም ብር አይከፈል።

ማጠቃለያ

ዕቁቡ ቅድሚያውን ቶሎ ይሰበስባል፤ ማኅበሩ የቦታውን ዋጋ ያቀልላል፤ የጋራ መኖሪያው ቤት የግንባታውን ዋጋ ያካፍላል፤ ባንኩ ዘመኑን ያረዝማል። ብልህ ሰው እንደ አቅሙ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ያስተባብራል፤ ቅድሚያውን በዕቁብ፥ ቦታውን በማኅበር፥ የቀረውን በብድር። ይህን ሁሉ የሚያያይዘው ግን በየማታው ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት የሚጻፈው አንድ መሥመር ነው። የዛሬን ሽያጭ ዛሬ የጻፈ ነጋዴ የቤቱን የመጀመሪያ ድንጋይ አኑሯል፤ የሠራተኛውን ደመወዝ በመዝገብ የከፈለም የሌላውን ሰው ቤት አብሮ መሥርቷል።